አማካይ ጆሮ አሰላ ውስጥ የለም፦ የዓለም የመስማት ሪፖርትን ከአክስቴ ቤት ሆኖ ማንበብ

አክስቴ የሚኖሩት አሰላ ነው። አንድ ቀን ለምርመራ ሄደው፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ ጭምብል እንዳደረገች ትንሽ ብልቃጥ ዘረጋችላቸውና «ሽንት» አለቻቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን ከፈቱና «ስንት?» አሏት። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሽንት!» አለች። «እኮ፣ ስንት ነው? ንገሪኝና ልክፈል እንጂ!» ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን «ከእንግዲህ ብቻዬን ሐኪም ቤት አልሄድም» አሉ።

እናንተም ሳቃችሁ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ግን እስቲ ሁለቱን ቃላት ቀስ ብላችሁ በሉ። የሚለዩት በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው፤ «ስ» እና «ሽ»። ሁለቱም የሚሠሩት ከጉሮሮ በሚወጣ ዜማ ሳይሆን በጥርስና በምላስ መካከል በሚያፏጭ አየር ነው። የ«ሽ» ጉልበት በአብዛኛው ከ2000 ሄርዝ በላይ ነው ያለው፤ የ«ስ» ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ከ4000 ሄርዝ በላይ ይሆናል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ መጀመሪያ የሚያጣው ይህንን የላይኛውን ክፍል ነው። አናባቢዎቹና የድምፁ ዜማ ያሉበት የታችኛው ክፍል ደህና ስለሚቆይ «ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም» ይላሉ። ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ታውቁ ይሆናል። ጭምብል ሲጨመርበት ደግሞ ከንፈር ማየትም ይቀራል። «ሽ» ስንል ከንፈራችን ሾል ብሎ ወደ ፊት ይወጣል፣ «ስ» ስንል ግን አይወጣም፤ በመስታወት ሞክሩት።

የዓለም ጤና ድርጅትን ትልቅ ሪፖርት እንደገና ያወጣሁት ያኔ ነው። «የዓለም የመስማት ሪፖርት» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2021፣ በዓለም የመስማት ቀን ሰሞን ነው። (ቀኑ ማርች 3 የሆነው 3.3 ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ጆሮ ስለሚመስል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24 ይውላል።) ከ200 ገጽ በላይ ነው፣ በነፃ ይወርዳል። በአንድ እጄ ሪፖርቱን፣ በሌላው የአክስቴን የመስማት ምርመራ ወረቀት ይዤ አነበብኩት። ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ቅሬታዬ በአማካይ ቁጥር የሚያስብ ሥራ መሆኑ ላይ ነው፤ አማካይ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

ትልቁ ቁጥርና ትንሹ ቁጥር

ከሪፖርቱ ውስጥ ዜና የሆነው ቁጥር አንድ ነው፦ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው የተወሰነ የመስማት መቀነስ አለበት፤ በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን ይጠጋል። በየዓመቱ የካቲት 24 ሲደርስ በየሚዲያው የምትሰሙት እሱን ነው። ግን ከአጠገቡ ሌላ ቁጥር አለ፤ 430 ሚሊዮን። እነዚህ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አንደኛው ቁጥር ከሌላው በሦስት እጥፍ ለምን በለጠ?

መልሱ መስመሩ የት ላይ ተሰመረ የሚለው ነው። የመስማት ምርመራ ሲደረግ ባለሙያው ጆሮ ማዳመጫ ያስደርግና በጣም ደካማ ድምፆችን ያሰማል፤ ሰውየው ገና መስማት የጀመረበት ነጥብ በዴሲቤል ይመዘገባል። በሪፖርቱ አከፋፈል ከ20 ዴሲቤል በታች ያለውን የሚሰማ ሰው ጤነኛ ነው። ከ20 እስከ 35 ያለው «ቀላል»፣ ከ35 እስከ 50 «መካከለኛ» ይባላል፤ እንዲህ እያለ እስከ 95ና ከዚያ በላይ ይሄዳል። 1.5 ቢሊዮኑ የተቆጠረው ከ20 ጀምሮ ሲሆን 430 ሚሊዮኑ የተቆጠረው ግን ከ35 ጀምሮ ነው፤ ያውም ከሁለቱ ጆሮዎች ደህነኛው ተለክቶ። ሪፖርቱ ይህን አልደበቀም፣ በግልጽ ጽፎታል። ዜናውን የሚያዘጋጀው ሰው ግን ትልቁን ቁጥር ይወስዳል፤ ድርጅቱም ትልቁን ከፊት በማስቀመጡ ለዚያ ተባባሪ ሆኗል ባይ ነኝ።

ዴሲቤል ራሱ ትንሽ ተንኮለኛ መለኪያ ነው። በ10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 60 ዴሲቤል የ30 እጥፍ አይደለም፤ የ30 አንድ ሺህ እጥፍ ነው። በወረቀቱ ላይ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ጆሮ ላይ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። ያ «20» ወይም «35» የሚባለው ቁጥር እንዴት ይገኛል? በ500፣ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ሄርዝ የተለኩት አራት ቁጥሮች ተደምረው ለአራት ይካፈላሉ። አማካይ ማለት ነው። አርሲን የሚያውቅ ሰው ይህ የት ላይ እንደሚያስቸግር ቶሎ ይገባዋል።

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰው በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ ማዕከሉ አሰላ ነበር። ትራክተሩም ኮምባይነሩም በዚህ ደጋ ከብዙ ቦታ ቀድሞ የተለመደ ነገር ነው። በአጨዳ ወቅት በኢተያ በኩል ብታልፉ የኮምባይነሩን ድምፅ ከሩቅ ትሰማላችሁ። ላዩ ላይ ሆኖ ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠራው ሰውስ? ለሥራ ቦታ የተለመደው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ። መለኪያ ከሌላችሁ በሌላ መንገድ ገምቱ፦ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ ወሰኑን ሳያልፍ አልቀረም። ወፍጮ ቤት ስትገቡ ሞክሩት።

የጩኸት ጉዳት ደግሞ ጆሮን እኩል አይመታም። መጀመሪያ የሚጎዳው 4000 ሄርዝ አካባቢ ነው። እንግዲህ አንድ የኮምባይነር ሹፌር እናስብ፤ ቁጥሮቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፣ ዓይነቱ ግን የተለመደ ነው። በ500 ሄርዝ 10፣ በ1000 ሄርዝ 10፣ በ2000 ሄርዝ 25፣ በ4000 ሄርዝ 60። ደምሩት፤ 105። ለአራት አካፍሉት፤ 26 እና ትንሽ። በሪፖርቱ አከፋፈል ይህ ሰው «ቀላል» የሚለው ውስጥ ገባ፣ ከ430 ሚሊዮኑም ውጪ ሆነ። በተግባር ግን «ስንት»ን ከ«ሽንት» መለየት ያቅተዋል፤ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ጨዋታ አይከተልም። ቤተሰቡ ደግሞ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» ይለዋል። የሪፖርቱ ሠንጠረዥ ጫጫታ ባለበት ቦታ ችግሩ ሊብስ እንደሚችል ያስረዳል፤ ስያሜው ግን ያው «ቀላል» ነው። በአማርኛ ደግሞ ቀላል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ግን አድንቄዋለሁ

ሁሉንም ነገር መንቀፍ ሂስ አይሆንም። ሪፖርቱ በጣም ጠንካራ የሆነው ስለ መከላከል ሲያወራ ነው። የመስማትን ታሪክ ከእናት ማህፀን እስከ እርጅና እንደ አንድ መንገድ ያየዋል፦ ሰው ሲወለድ የተወሰነ የመስማት አቅም ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ በየዕድሜው የሚቀንሱበትና የሚጠብቁለት ነገሮች አሉ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል፣ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። የሰው ልጅ እነዚህን አንዴ ካጣ አያበቅላቸውም። ስለዚህ ጨዋታው ያሉትን ማቆየት ላይ ነው፣ እና ሪፖርቱ ይህንን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል።

በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶው መከላከል የሚቻል ነው የሚለው ቁጥርም ጠቃሚ ነው። ምክንያቶቹን ስታዩ ሩቅ አይደሉም፦ ማጅራት ገትር፣ ሳይታከም የሚቆይ የጆሮ መምገል፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ችግር፣ ጆሮን የሚጎዱ እንደ ጄንታሚሲን ያሉ መድኃኒቶች። የሳንባ ምች ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀመር ብዙ ሰው ያሰበው ስለ ሳንባ ነው፤ ያው ባክቴሪያ ግን ማጅራት ገትርንም የጆሮ ኢንፌክሽንንም ያመጣል። አንድ መርፌ ሳይታወቀው ጆሮ ይጠብቃል ማለት ነው።

እዚህም ግን አማካዩ ይከተለናል። ያው የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 በልጆች መስማት ላይ ባወጣው ጽሑፍ 60 በመቶው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፦ በሀብታም አገሮች 49 በመቶ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 75 በመቶ። ለእኛ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ከአራት ልጆች የሦስቱ ጉዳት ሊቀር ይችል ነበር ማለት፣ ከአምስቱ የሦስቱ ከማለት ይለያል። በአርሲ ገጠር ልጁ ጆሮው ሲመግል «ሲያድግ ይተወዋል» ለሚል አባት ልናገር የምፈልገው ይህንን ቁጥር ነው።

መሳቢያ ውስጥ ያለው ጆሮ

አክስቴ የመስሚያ መሣሪያ አላቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዳ አስመርምራ ገዛችላቸው። የምርመራ ወረቀታቸው 25፣ 35፣ 50፣ 70 ይላል፤ አማካዩ 45፣ «መካከለኛ»። መሣሪያውን ለሁለት ሳምንት ያህል አደረጉት። ከዚያ በመሐረብ ጠቅልለው ቁም ሳጥን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። በስታቲስቲክስ ቢቆጠሩ መሣሪያ ካገኙት ዕድለኞች አንዷ ናቸው።

ዕድለኛ ስል እያሾፍኩ አይደለም። በሪፖርቱ መሠረት በዓለም ላይ የመስሚያ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች የሚጠቀሙት 17ቱ ብቻ ናቸው፤ በአፍሪካ ደግሞ 10 ያህል። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 78 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ከአንገት በላይ ሐኪም እንኳ የላቸውም። 93 በመቶው ደግሞ ለሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም መስማትን የሚለካና መሣሪያውን የሚያስተካክል ባለሙያ፣ የላቸውም። እነዚህ ቁጥሮች ከሪፖርቱ ሁሉ የበለጠ የነኩኝ ናቸው። ምክንያቱም አክስቴ መሣሪያ አላጡም፤ ያጡት ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀጠሮ ነው። ሪፖርቱ ስለ ክትትል ይናገራል፣ እውነት ነው፤ ግን ቁጥሩን፣ ሥዕሉን፣ ዋናውን ገጽ የያዘው የመሣሪያው መድረስ አለመድረስ ነው። የሻይ ማፍያ የሚታደል ይመስላል።

መሣሪያው ለምን መሳቢያ ገባ? ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የነገሩኝ «ይጮህብኛል» የሚል ነበር። ይህ ቅብጠት አይደለም። በጆሯችን ውስጥ ካሉት ሕዋሳት አብዛኞቹ ደካማውን ድምፅ የሚያጎሉ ናቸው። እነሱ ሲሞቱ ደካማው ድምፅ ይጠፋል፤ ኃይለኛው ግን እንደ ድሮው ኃይለኛ ሆኖ ይቀራል። በሚሰማውና በሚያመው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ለዚህ ነው አያታችሁን ቀስ ብላችሁ ስትጠሩ የማይሰሙት፣ ጮክ ስትሉ ደግሞ «ምን ያስጮህሃል፣ አልደነቆርኩም!» የሚሉት። ጥሩ መሣሪያ ደካማውን ብዙ፣ ኃይለኛውን ጥቂት ያጎላል፣ በየድምፁ ከፍታም ለየብቻ ይስተካከላል። ያንን የሚያስተካክለው ግን ኮምፒውተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ያውም ሰውየው ከቤቱ ደርሶ ከተመለሰና «ሳህን ሲጋጭ ያመኛል» ካለ በኋላ። አንጎልም ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ እስኪለምድ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል። ለአክስቴ ይህን የነገራቸው የለም። የከፈሉበትን ዕቃ ወስደው በአውቶቡስ ወደ አሰላ ተመለሱ፤ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ያፏጫል» ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል በልክ ካልተቀረጸ ድምፁ አምልጦ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል፤ የሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሲጮህ እንደምታውቁት ዓይነት። በልጆች ላይ ይባስ ብሎ ጆሯቸው ስለሚያድግ በየጥቂት ወራት እንደገና መቀረጽ አለበት።

ሦስተኛው ባትሪ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፊዚክሱ ያስደስተኛል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት ዚንክ ኤይር በሚባል ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። ከኋላው ተለጣፊ ወረቀት አለው። ወረቀቱ ሲላጥ በቀዳዳዎቹ አየር ይገባል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ባትሪው ይተነፍሳል ማለት ነው። እንግዲህ ሰው አሰላንና በቆጂን የሚያውቃቸው በሯጮቻቸው ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። ስለ ከፍታው ብዙ ተጽፏል፤ አሰላ 2400 ሜትር አካባቢ ናት፣ በቆጂ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በአሰላ ከፍታ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ሯጩን ያጠነከረው ይኸው ስስ አየር ባትሪውን ያደክመዋል፤ አምራቾቹ ራሳቸው ከፍታና ብርድ ዕድሜውን እንደሚያሳጥሩት ይናገራሉ። በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አምኖ የገዛ የደጋ ሰው ቀድሞ ያልቅበታል። አክስቴ ደግሞ ለቁጠባ ብለው ማታ ማታ ወረቀቱን መልሰው ይለጥፉት ነበር፤ አየሩ አንዴ ከገባ ወዲያ ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ ወረቀቱን ከላጡ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማስገባት ይሻላል፤ ኦክስጅኑ በደንብ እስኪገባ። ይህቺን ትንሽ ነገር ማን ይንገራቸው?

ዓለም አቀፍ ሪፖርት ስለ አሰላ አየር ይጻፍ አልልም። ግን «መሣሪያ ደረሰ» የሚለው ቁጥር ከመሳቢያ መለየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ሳይገባው አልቀረም፤ በ2024 ባወጣው መመሪያ ልዩ ባለሙያ በሌለበት አካባቢ ሌሎች ሠራተኞች ሠልጥነው መሣሪያ እንዲገጥሙና እንዲከታተሉ የሚያስችል አሠራር አቅርቧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት በምትሄድበት አገር ይህ የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት፤ ሥልጠናውን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ቦታ ሩቅ መፈለግ አያሻም።

ገንዘቡንም ሳላነሳ አላልፍም። ሪፖርቱ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ1.40 ዶላር በታች ቢጨመር፣ ለእያንዳንዱ ዶላር ወደ 16 ዶላር የሚጠጋ ይመለሳል ይላል። የፋይናንስ ሚኒስትርን ለማሳመን ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ልብ በሉ ግን፤ ያ 16 ዶላር ወደ ካዝና የሚገባ ገንዘብ አይደለም፤ የጤናና የምርታማነት ጥቅም በገንዘብ ተተምኖ ነው። መሣሪያውና ባትሪው ግን የሚገዛው በትክክለኛ ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1.40 ዶላር 80 ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 168 ብር ሆነ። የባትሪውም ነገር እንደዚያው ነው።

በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሰማው?

አክስቴ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከልጆቻቸው ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ። መሣሪያቸው የተስተካከለው ግን በማን ንግግር ነው? ማስተካከያ ቀመሮቹ የተሠሩት በዋናነት አውስትራሊያና ካናዳ ነው። የንግግር ድምፅ በአማካይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ዝነኛ ጥናት አለ፤ 12 ቋንቋዎችን አነጻጽሯል፤ እንግሊዝኛ፣ ሩሲያኛ፣ ጃፓንኛ፣ ቬትናምኛ እያለ። የአፍሪካ ቋንቋ አንድም አልነበረበትም። ውጤቱ ደግሞ የሚገርም ነው፦ የረጅም ጊዜ አማካያቸው በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ አንድ ቀመር ለሁሉም ይሆናል ተባለ፤ ለአማካዩ ልክ ነው።

ትርጉም የሚለየው ግን አማካዩ አይደለም። «በሬውን ሰጠው» እና «በሬውን ሸጠው» በሉ። የሚለያቸው «ሰ»ና «ሸ»፣ እንዲሁም የ«ጠ» መጥበቅና መላላት ነው። መጥበቅ ማለት ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ ዝምታ ነው፤ በጫጫታ ውስጥ ያ ዝምታ በሌላ ድምፅ ይሞላል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የሚባሉት የሚፈነዱ ድምፆቻችን በኦሮምኛም አሉ፤ ከ«ተ»፣ «ከ»፣ «ቸ» የሚለያቸው ቅጽበታዊ ፍንዳታ ነው። በእነዚህ ላይ መሣሪያዎቹ ምን ያህል እንደሚሠሩ መመርመር ለአንድ የፊዚክስ ወይም የሥነ ልሳን ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው፤ የሚያነብ ካለ ይውሰደው።

በስልክ የሚደረገው የመስማት መመርመሪያም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ በ2019 ባወጣው መተግበሪያ፣ በጫጫታ መካከል ቁጥሮች እየተጠሩ የሰሙትን መጫን ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ነገር ግን ቁጥሮቹ በሰውየው ቋንቋ፣ እኩል እንዲከብዱ ተመዝነው መቀዳት አለባቸው። በማይለምዱት ቋንቋ የተፈተኑ ሰው ቢሳሳቱ፣ የደከመው ጆሯቸው ይሁን ቋንቋው በምን ይታወቃል?

ስለ ቃል ካነሳን፣ «ደንቆሮ» የሚለውን አስቡት። የማይሰማም የማይገባውም በአንድ ስድብ ይጠራሉ። አሁን «መስማት የተሳናቸው» እንላለን፤ ጥሩ ነው፣ ግን የድሮው ቃል ገና ከአፋችን አልጠፋም። አክስቴ መሣሪያውን ከነጠላቸው ሥር ይደብቁት የነበረው ለዚያ ይመስለኛል። መነጽር የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ለሐሜት ነው፤ እኔ ግን መስማታቸው እየቀነሰ ራሳቸው ሳያውቁት ለዓመታት የኖሩ ሰዎችን ሳይ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ የሚጮህበት ጎረቤት ነው።

መሣሪያ ለሁሉም መልስ እንዳልሆነም ሪፖርቱ ይናገራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጨርሶ ለማይሰሙ ሰዎች የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቷል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ አልገባበትም።

ሪፖርቱን ታነቡ ከሆነ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ፤ ጆሮ እንዴት እንደሚሠራና በየዕድሜው ምን እንደሚያገኘው የሚያስረዳው እሱ ነው። ሦስተኛው፣ የባለሙያ እጥረት ያለበት፣ የሚያበሳጭ ስለሆነ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። የ16 ዶላሩን ገጽ ብትዘሉት አልቀየማችሁም።

አክስቴ ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄደው መሣሪያቸውን አስተካክለው ተመለሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ያገኙት ባለሙያ አንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ተቀመጠ፣ የጆሮውንም ክፍል በልክ አስቀረጸላቸው። እኔም ሁለት ፓኬት ባትሪ ይዤ አሰላ ወረድኩ። ወረቀቱን ላጡና ባትሪውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጠው ቡናውን ማፍላት ጀመሩ፤ አምስት ደቂቃው በዚያ አለፈ። መሣሪያውን ካደረጉ በኋላ ልፈትናቸው ብዬ አፌን በእጄ ሸፈንኩና «ስንት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«ሽንት» አሉ። ከዚያ የኔን ፊት አይተው፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አትንገረኝ። እንደገና በል።»